ካሜራው ካየ በኋላ ማን ይነሳል? ለገጠር ግቢና ለበረት ገመድ አልባ ካሜራ ሲመረጥ

ዓቢይ ጾም በገባ ቁጥር ሥጋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ በረቱ ይሞቃል። 55ቱ ቀናት ሊያልቁ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ለፋሲካ ገበያ የታሰረው ሰንጋ የበላው ፋጉሎ፣ ፉርሽካና ድርቆሽ ሁሉ ላዩ ላይ ነው። የባለቤቱ ብድርም ላዩ ላይ ነው። አድላቢው እንቅልፍ የሚያጣው በእነዚህ ሳምንታት ነው፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ባትሪውን ይዞ ይወጣል፣ አጥሩን ዞሮ ይመለሳል፣ ጋደም ይላል፣ ውሻው ደግሞ ይጮሃል። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ተቀምጦ ከብቱን ገጠር ባለው የቤተሰብ ግቢ ያሰረው ደግሞ ውሻውን እንኳ አይሰማም።

ገመድ አልባ የውጭ ካሜራ ወደ አርቢው ደጅ የመጣው በዚህ ጭንቀት በኩል ነው። በሶላር የሚሠራ፣ ሲም ካርድ የሚወስድ፣ ምስሉ ስልክ ላይ የሚታይ ካሜራ ዛሬ በትልልቅ ከተሞች ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አለ፤ ከአሜሪካና ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣም ይገባል። ሻጩ የሚያወራው ስለ ሜጋፒክስል ነው። ገዢው ግን ከዚያ በፊት ራሱን የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኩ ሲጮህ በረቱ ዘንድ በጥቂት ደቂቃ የሚደርሰው ማን ነው?

ካሜራ በር አይቆልፍም፣ ሌባም አይዝም። ሥራው ሌባው አጥሩን ከዘለለበት ደቂቃ ጀምሮ ሰው እስኪሰማ ያለውን ጊዜ ማሳጠር ነው። የታሰረ በሬ ገመዱ ተቆርጦ ከግቢ እስኪወጣ ብዙ አይፈጅም፤ ግቢው አስፋልት ዳር ከሆነና አይሱዙ ከቆመ ደግሞ ይብሱን ያጥራል። ስለዚህ ገንዘቡ የሚከፈለው ለደቂቃ ነው። ኃይሉም፣ ኔትወርኩም፣ የሚሰቀልበት ቦታም የሚመዘነው በዚህ ነው። ደቂቃ የማያተርፍ ካሜራ የሚያስቀረው ሰንጋው ሲወጣ የሚያሳይ ፊልም ብቻ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

ስንት ያወጣል፣ ስንት ያድናል

ለስሌት እንዲመች 10 ሰንጋ የታሰረበት ግቢ ይወሰድ። አንዱ ሰንጋ 100,000 ብር ቢገመት በግቢው ውስጥ 1,000,000 ብር ታስሯል። ሁለት ካሜራ ከነሶላሩ፣ ከነሚሞሪ ካርዱና ከነማሰሪያው 30,000 ብር ቢፈጅና 3 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 10,000 ብር ይደርሳል። የሲም ካርዱ ዳታ በወር 500 ብር ቢሆን በዓመት 6,000 ብር ይጨመራል። ድምሩ 16,000 ብር ነው። እነዚህ ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው፤ እያንዳንዱ የአካባቢውን ዋጋ አስገብቶ መለወጥ ይችላል።

በዚህ ሂሳብ ካሜራው ወጪውን ለመመለስ በስድስት ዓመት ገደማ አንድ ሰንጋ ማዳን አለበት። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከሦስት የስርቆት ሙከራዎች ካሜራው ቀድሞ አይቶ፣ ሰውም ደርሶ የሚድነው በአንዱ ብቻ ቢሆን፣ ካሜራው የሚያዋጣው በየሁለት ዓመቱ አንድ ሙከራ ለሚደርስበት ግቢ ነው። የሚነሳ ሰው ከሌለ ደግሞ የመዳን ዕድሉ ወደ ባዶ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ካሜራው የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን አያዋጣም። ከብት ስርቆት እምብዛም በማይሰማበት ቀበሌ፣ ወይም የግቢው በር እስካሁን በሽቦ በሚታሰርበት ቤት፣ የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት በብረት በር፣ በጥሩ ቁልፍና በረቱ ደጃፍ ላይ በሚበራ አምፖል ነው። እነዚህ ኔትወርክ አይፈልጉም።

አንድ ሌላ ርካሽ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እያንዳንዱን ሰንጋ ሲገዙ በቀን ብርሃን በሁለቱም ጎን፣ ከፊት ለፊትና መለያ ምልክቱን አቅርቦ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። የጆሮ ቁጥር ይቆረጣል፤ የበሬው መልክና ቀንድ ግን በሌሊት አይለወጥም። የጠፋ ከብት ገበያ ላይ ሲፈለግ ከሌሊቱ የጨለመ ቪዲዮ ይልቅ ይህ ፎቶ ይረዳል።

ኔትወርኩ

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋይፋይ ካሜራና የሲም ካሜራ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ዋይፋዩ ቤት ውስጥ ራውተር ይፈልጋል። ካርቶኑ ላይ 100 ሜትር ይደርሳል ተብሎ ቢጻፍ ያ ርቀት የተለካው በገላጣ ሜዳ ነው። ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል። ራውተሩ ቆርቆሮ በለበሰ ቤት፣ ካሜራው ቆርቆሮ በለበሰ በረት ጀርባ ከሆነ 30 ሜትር እንኳ ሊከብድ ይችላል። የጭቃ ግድግዳ ከቆርቆሮ ይሻላል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ራውተሩን ወደ በረቱ በሚያይ መስኮት ማስቀመጥ አንዳንዴ አዲስ ዕቃ ከመግዛት ያድናል። ራውተሩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ሞገዶች ካሉት ለበረቱ የሚሆነው 2.4 ነው፤ ርቆ ይሄዳል፣ አብዛኞቹ ካሜራዎችም የሚቀበሉት እሱን ነው።

ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት ከሌለ የሚቀረው የሲም ካሜራ ነው። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ስልክ ይደውላል ወይ የሚለው ሳይሆን በረቱ ጥግ ቆመው 4ጂ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ለመደወል የሚበቃ ኔትወርክ ለቪዲዮ አይበቃም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በብዙ ቦታ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ማወዳደር ተችሏል፤ ሁለቱንም ሲም ስልክ ላይ አድርጎ ካሜራው በሚሰቀልበት ቦታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ባለበት ጊዜ፣ የመላኪያውን ፍጥነት መለካት ይገባል። የመቀበያው ፍጥነት ሳይሆን የመላኪያው፤ ካሜራው የሚልክ እንጂ የሚቀበል አይደለም።

ከውጭ ዘመድ ለሚያስመጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የ4ጂ ካሜራ በእኛ አካባቢ ያሉትን የሞገድ ክልሎች ላይቀበል ይችላል፤ ከአንድ የአሜሪካ ስልክ ድርጅት ጋር ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈም አለ። ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ጠይቆ የሚቀበላቸውን የ4ጂ ሞገዶች ማጣራት ያስፈልጋል። ዋይፋይ ብቻ የሆነው ይህ ችግር የለበትም። በወር በዶላር የሚከፈል የክላውድ ማከማቻ ካልተገዛ ቪዲዮ የማያስቀምጥ ካሜራም ለገጠር አርቢ አይሆንም፤ ሚሞሪ ካርድ የሚወስድ ይመረጥ።

የዳታው ሂሳብ ይህን ይመስላል። 1080 የሚባለው ጥራት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ በሰዓት ወደ 0.9 ጊጋባይት፣ በቀን ከ21 ጊጋባይት በላይ ይፈጃል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ 15 ሰከንድ እንዲቀርጽ ከተደረገ አንዱ ቅንጭብ 4 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በቀን 20 ጊዜ ቢቀርጽ በወር ከ2.5 ጊጋባይት አይበልጥም። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ነው፤ ወጪውን የሚወስነውም ካሜራው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነቃ ነው።

ከብቱን ሳይሆን መንገዱን

የባትሪ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚያድረው። የሚቀሰቅሰው የሰውነት ሙቀት ሲንቀሳቀስ የሚያይ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ በሬን ከሌባ በደንብ አይለይም። ሰንጋ ደግሞ ሌሊቱን ሲያመሰኳ፣ ሲነሳ፣ ሲተኛ ያድራል። ካሜራውን ወደ ግርግሙ ያዞረ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት አርባና ሃምሳ ጊዜ ስልኩ ይጮህበታል፤ በሦስተኛው ሌሊት ድምፁን ያጠፋዋል። ሌባው በአራተኛው ሌሊት ቢመጣ ካሜራው ያያል፣ ስልኩም ይቀበላል፣ የሚሰማ ግን የለም።

ስለዚህ ለስርቆት የሚሰቀል ካሜራ የሚያየው ከብቱን ሳይሆን ከብቱ ሊወጣበት የሚችለውን መንገድ ነው፦ የግቢውን በር፣ የአጥሩን ደካማ ጎን፣ ከበረት ወደ በር የሚወስደውን መተላለፊያ። ሰው በካሜራው ፊት አቋርጦ እንዲያልፍ ተደርጎ ይሰቀል፤ ሴንሰሩ ቀጥታ ወደ እሱ ከሚመጣ ይልቅ አቋርጦ የሚያልፍን ቶሎ ይይዛል። ካሜራው ከእንቅልፉ ነቅቶ መቅረጽ እስኪጀምር ጥቂት ጊዜ ስለሚያልፍ፣ ጠባብ በር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ የሌባውን ጀርባ ይዞ ይቀራል። በአፋርና በድሬዳዋ ዓይነት ሞቃት ቆላ የመሬቱ ሙቀት ከሰው ሰውነት ሙቀት ጋር በሚቀራረብበት ሰዓት ሴንሰሩ ይደክማል፤ እዚያ ርቀቱን ማሳጠር ነው።

ስለ ጥራት ለሚነገረው ሁሉ አንድ መለኪያ ይበቃል። አይኢሲ 62676-4 የሚባለው ዓለም አቀፍ የካሜራ መመዘኛ በ2014 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ የማይታወቅን ሰው ፊት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ነጥብ፣ የሚታወቅን ሰው ለማወቅ 125፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለማየት 25 ነጥብ ጠይቋል። የ1080 ካሜራ ወርዱ 1,920 ነጥብ ነው። ስለዚህ ፊት ለመለየት የሚያየው ቦታ ስፋት ከ7 ሜትር ተኩል ብዙ መብለጥ የለበትም፤ ጎረቤትን ለማወቅ 15 ሜትር፤ ሰው መግባቱን ለማየት ግን እስከ 76 ሜትር ይሄዳል። ይህ በቀን ነው፤ ሌሊት ያንሳል። በሩን ብቻ የሚያይ ተራ ካሜራ ግቢውን በሙሉ ከሚያይ ውድ ካሜራ የሚበልጠው ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር ሌባው ጋቢ ተከናንቦ ከመጣ ሜጋፒክስሉ ምንም አይረዳም። ዋናው ሰው መግባቱ መታወቁ ነው።

ሌሊት የማይታይ ብርሃን የሚያበሩ ካሜራዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። 850 ናኖ ሜትር የሆነው ራቅ ያለ ቦታ ያሳያል፤ ቀና ብሎ ላየ ሰው ግን ቀይ ፍም ይመስላል። 940 የሆነው አይታይም፤ ርቀቱ ግን ያንሳል። ሌባው ካሜራ እንዳለ አውቆ እንዲሸሽ ለሚፈልግ ከሁለቱም ይልቅ ድንገት ቦግ የሚል ነጭ መብራትና ሲሪን ያለው ይሻላል። ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ በካሜራው ድምፅ ማጉያ «ማነው እዚያ!» ማለት የሚችልበት ሞዴልም አለ። ከሌሎቹ ተጨማሪ ዕቃዎች ሁሉ ገንዘቡን የሚያወጣው ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም።

ክረምትና ሽንት

ሶላሩ በጥር ይሠራል፤ ጥያቄው በሐምሌ ነው። ደመናው ለቀናት ሲቆይ አነስተኛ ፓናል ባትሪውን መሙላት ያቅተዋል፤ ካሜራው ብዙ ጊዜ ከነቃም ቶሎ ያልቃል። ትልቅ ፓናል ከትልቅ ጥራት ይበልጣል። ፓናሉ ከካሜራው ተለይቶ በገመድ የሚሰቀል ቢሆን ይመረጣል፤ ካሜራው ጥላ ሥር ይውላል፣ ፓናሉ ፀሐይ ላይ። ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቅን ፓናሉ ለጥ ያለ ቢሆንም ፀሐይ ያገኛል፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ግን ትንሽ ዘንበል ይደረግ። በደብረ ብርሃን ዓይነት ውርጭ ባለበት ደጋ፣ የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት ስለሌለበት ጥሩው ካሜራ ፀሐይ እስኪያሞቀው መሙላቱን ያቆማል፤ ርካሹ ግን ባትሪውን ያበላሻል። በመብራት ኃይል የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ካሜራውና ራውተሩ አብረው ይጠፋሉ፤ ለሁለቱም የሚሆን አነስተኛ ባትሪ መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

በረት ለኤሌክትሮኒክስ ክፉ ቦታ ነው። ከሽንትና ከፍግ የሚወጣው አሞኒያ የገመድ መጋጠሚያን ይበላል። ካሜራው ላይ አይፒ65 ወይም አይፒ66 የሚል ምልክት ይፈለግ፤ 6 አቧራ እንደማያስገባ፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚረጭ ውኃ መቋቋሙን ይነግራል። ሆኖም ምልክቱ ስለ ውኃና አቧራ እንጂ ስለ አሞኒያ አይናገርም፤ ካሜራው ከጣሪያው ጠርዝ ውጭ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ቢሰቀል ዕድሜው ይረዝማል። ዝንብ ሌንሱ ላይ ይጸዳዳል፤ ሸረሪት የሌሊት ብርሃኑ በሚስባቸው ነፍሳት ምክንያት እዚያው ድሯን ታደራለች፤ የድሩ መወዛወዝም ካሜራውን ደጋግሞ ይቀሰቅሳል። በሳምንት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የሥራው አካል ነው። ለመዥገር መድኃኒት ሲረጭ ሌንሱ በላስቲክ ይሸፈን። ከሰው ቁመት በላይ፣ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ላይ ከተሰቀለ በሬ አያክበትም፣ ልጅ አይነካውም፤ ከዚያ በላይ ከወጣ የሚታየው የራስ አናት ብቻ ነው።

ለሚንቀሳቀስ መንጋ ይህ ሁሉ አይሠራም። የቦረናም ሆነ የሶማሌ አርብቶ አደር ከብቱን ተከትሎ ሲሄድ አንድ ቦታ የተሰቀለ ካሜራ ሥራ የለውም።

የወተት ላም ላለው ሂሳቡ ይለወጣል

ስርቆት በየስንት ዓመቱ ነው፤ ድራት ግን በየ21 ቀኑ ነው። የወተት ላም ላለው ሰው የካሜራው ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ላሟ ኮርማ መፈለጓን የምታሳይበት ጊዜ አጭር ነው፤ በዜቡ ዝርያና በዲቃሎቹ ላይ ደግሞ ምልክቱ ደካማ ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይታያል። ጠዋት አላቢው ሲመጣ ላሟ ረግታለች። አንድ ድራት ካመለጠ 21 ቀን ይጠፋል። የአንድ ባዶ ቀን ኪሳራ 200 ብር ቢታሰብ አንዱ ያመለጠ ድራት 4,200 ብር ነው፤ በዓመት አራት ድራት ያስያዘ ካሜራ የላይኛውን 16,000 ብር መለሰ ማለት ነው። ከሌባ ጋር ምንም ሳይገናኝ።

ለዚህ ሥራ ግን ሌላ ካሜራ ነው የሚያስፈልገው። ይሄኛው ከብቱን ማየት አለበት፤ ስልክ መጮህ የለበትም፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሚሞሪ ካርድ ይቀርጻል። ሳያቋርጥ ስለሚቀርጽ ባትሪ አይችለውም፤ የመብራት መስመር ወይም ደህና ሶላር ይፈልጋል። 128 ጊጋባይት ካርድ በላይኛው ሂሳብ አምስት ቀን ያህል ይይዛል። ጠዋት ቡና ሲፈላ ቪዲዮውን በፍጥነት አሳልፎ ማየት ነው፤ አንዷ ላም ሌላዋ ስትወጣባት ጸጥ ብላ ከቆመች አዳቃዩ ይጠራል። ላሞቹ በየቦታቸው የሚታሰሩ ከሆነ መወጣጣት ስለማይኖር ምልክቱን ለመያዝ ይከብዳል፤ ሌሊት የሚፈቱበት ትንሽ አጥር ያለው ያተርፋል። ምጥ ላይ ያለች ላምም እንዲሁ ናት፤ የውኃ ከረጢቱ ወጥቶ ከሰዓት በላይ ለውጥ ከሌለ ባለሙያ መጥራት ይገባል፤ ያንን ሰዓት መቁጠር የሚችለው ደግሞ መጀመሪያውን ያየ ሰው ነው። በኬንያ ኪያምቡ ላሙን በጓሮ አስሮ ለሚመግበው ገበሬም፣ በሰላሌ ለሚያልበውም ይህ ሂሳብ አንድ ነው።

እረኛው፣ ጎረቤቱ፣ ሰዓቱ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነሳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እረኛው ወይም ዘበኛው ነው። ካሜራው ሳይነገረው ከተሰቀለ ግን የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ እኔን ሊሰልሉ ነው። ቅር ያለው ሰው ስልክ ሲደወልለት አይቸኩልም። የሚሻለው ገና ሲሰቀል አብሮ ማሳየት፣ መተግበሪያውን በእሱም ስልክ መጫን፣ የዳታውን ወጪ መሸፈን ነው። ካሜራው የሚተኛበትን ክፍል፣ የመታጠቢያውን ቦታና የጎረቤትን ደጃፍ እንዳያይ ይዞር። ይህ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ኬንያና ኡጋንዳም የዳታ ጥበቃ ሕጋቸውን በ2019 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ከካርቶኑ ጋር የመጣው የይለፍ ቃልም በዚያው ቀን ይቀየር፤ ሳይቀየር የቀረ እንደሆነ የግቢውን ምስል ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል።

ማን ለማን ይደውላል የሚለው አስቀድሞ ይወሰን። ባለቤቱ ከተማ ካለ፣ መጀመሪያ ለዘበኛው፣ ቀጥሎ ቅርብ ላሉት ሁለት ጎረቤቶች፣ ከዚያ ለቀበሌው ሚሊሻ ወይም ለፖሊስ። ለበሬ ሲባል ብቻውን በጨለማ የሚወጣ ሰው መኖር የለበትም፤ ሌባው ምን እንደያዘ አይታወቅም። መብራት ማብራት፣ ሲሪን ማስጮህና ሰው መጥራት ይቀድማል።

ቪዲዮው ፖሊስ ጣቢያ የሚደርስ ከሆነ ሰዓቱ ያጣላል። ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠርና ሰዓት ነው፤ 02፡10 ካለ ከሌሊቱ 8፡10 ነው፣ ቀኑም የፈረንጁ ነው። ባትሪው አልቆ ከነበረ ሰዓቱ ራሱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በወር አንዴ ማየት ያስፈልጋል። ሚሞሪ ካርዱ ካሜራው ውስጥ ስለሆነ ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ከሄደ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል፤ ስልክ ላይ የደረሰውን ቅንጭብ ወዲያው ማስቀመጥ ይገባል።

ሁለተኛውን ካሜራ ከመግዛት በፊት በመጀመሪያው አንድ ሌሊት ይሞከር። ለዘበኛውና ለጎረቤቶቹ በዚያ ሳምንት አንድ ሌሊት ሙከራ እንደሚኖር ይነገራቸው፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን አይነገር። ባለቤቱ ወይም ወንድሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በአጥሩ ደካማ ጎን ገብቶ አንዱን ሰንጋ ይፍታና ወደ በሩ ይምራ፤ ሌላ ሰው ሰዓት ይያዝ። የሚመዘገቡት ሦስት ደቂቃዎች ናቸው፦ ስልኩ የጮኸበት፣ ሰንጋው ከበር የወጣበት፣ የመጀመሪያው ሰው የደረሰበት። ሰውየው የደረሰው ሰንጋው ከወጣ በኋላ ከሆነ፣ የሁለተኛው ካሜራ ገንዘብ ለበሩ ቁልፍ ይዋል፤ ከዚያም በሌላ ሌሊት ድጋሚ ይለካ።